በአንድ እጅ የሚበላ ምሳ

ሐሙስ ዕለት ከምሳ ሰዓት በፊት ቶኩጂ አራተኛውን ቅጠል ቀደደ።

ቅጠሉ ኖሪ ነው፤ ከባሕር ታጭዶ፣ ደቅቆ፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የደረቀ፣ ስንዝር በስንዝር የሆነ፣ የሚበላ ጥቁር የባሕር አረም። ቶኩጂ ይህን ቅጠል በአሪያኬ ባሕር ላይ ሃምሳ ሁለት ዓመት አብቅሏል። ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ብቻ ዳስሶ የስንተኛ አጨዳ መሆኑን የሚናገር በመንደሩ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። ያ ሰው አሁን የሚስቱን ሽርጥ አገልድሞ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሟል፤ አንድ ጭልፋ ሩዝ መጠቅለል አቅቶታል።

ሩዙ በቀዳዳው ብቅ አለ። ቶኩጂ አየው።

«እርጉም» አለው።

በሩ ክፍት ነበር። ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሚስቱ ሱሚኤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትመለከተዋለች። ጥር ላይ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቶ ቀረ፤ ቃሏም ተቆጠረ። በቀን አምስት ወይም ስድስት ቃል ብትናገር ነው፤ እሱም ብዙ አምጣ። ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ምንም አያመልጠውም።

ጥዋትና ማታ ከማዘጋጃ ቤት የምትላክ ረዳት እየመጣች ታጎርሳታለች። ምሳ የቶኩጂ ድርሻ ነው። ምሳ ላይ ደግሞ ሱሚኤ አትበላም። ማንኪያ ይዞ ሲጠጋት አፏን ትዘጋለች። ማንኪያውን ለግራ እጇ ሲሰጣት እጇ ይንቀጠቀጥና ሾርባው ደረቷ ላይ ይፈሳል። የፈሰሰውን ታየዋለች። ከዚያ ሳህኑን ትገፋለች። በእጁ ጨምቆ የሠራላት የሩዝ ድቡልቡልም ከአፏ ሳይደርስ ተፈረካከሰ።

ባለፈው እሑድ ልጃቸው ቺዙሩ ከፉኩኦካ ከተማ መጥታ ነበር። ሃምሳ ዓመቷን የተጠጋች፣ እንደ አባቷ ቶሎ የምትቆጣ፣ እንደ እናቷ ቁጣዋን የምታሳድር ሴት ናት። እናቷን አቅፋ ከወንበሯ ስታነሳ ፊቷ ተለዋወጠ። አባቷን ወደ ወጥ ቤት ጠራችው።

«አባባ፣ እማዬ አራት ኪሎ ቀንሳለች።»

«ጥዋትና ማታ ትበላለች።»

«ምሳስ?»

ቶኩጂ መስኮቱን አየ።

«ምሳስ ነው የምልህ?»

«አልበላም ትላለች።»

«እማዬ? መቼ ነው መናገር የጀመረችው?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ። ቤቴ አጠገብ የአረጋውያን ማቆያ አለ። አንድ አልጋ ተለቋል። እስከ ሰኞ ሳምንት መልስሽን አሳውቂን ብለውኛል።»

«ማን ነው ማቆያ የሚገባው?»

«አባባ።»

«ሃምሳ ዓመት አብራኝ ኖራለች።»

«ሃምሳ ዓመት አበላችህ። አሁን እሷን ማን ያብላት?»

ይህች ቃል የጎድን አጥንቱ መሃል ገባች።

ቺዙሩ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ሩዙን አትጨምቀው አለችው። የምግቡ ስም ራሱ «ያልተጨመቀ» ማለት ነው። ኖሪውን አንዱ ማዕዘን ወደ ራስ እንዲዞር አድርጎ ማንጠፍ፣ መሃሉ ላይ ሩዝ በስሱ መደልደል፣ እንቁላልና ዓሣ መደርደር፣ በላዩ ደግሞ ሩዝ፤ ከዚያ አራቱን ማዕዘን እንደ ፖስታ ማጠፍ። በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ አሥር ደቂቃ ማስቀመጥ። ከዚያ መሃል ለመሃል መቁረጥ። እንደ ሳንድዊች ነው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለአንድ እጅ ይመቻል፤ አይፈርስም።

ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።

«እሑድ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ። እማዬ በራሷ እጅ ይዛ ከበላች አልጋው ይቅርብኝ እላቸዋለሁ። ካልበላች ልብሷን ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ ይዣት እሄዳለሁ።»

ቶኩጂ እሺም እንቢም አላለም። እሺ እንዳለ ተቆጠረበት።

እንግዲህ ሐሙስ ቀን አራተኛው ቅጠል ነው የተቀደደው። አምስተኛውን ከጣሳው አወጣ።

ጣሳው ውስጥ ያለው የመጀመሪያው አጨዳ ነበር። ብርዱ ሲገባ፣ መረቡ ላይ ገና የበቀለው ለጋ ቅጠል ይታጨዳል፤ የዓመቱ ምርጥ እሱ ነው። ምላስ ላይ ሲያርፍ ይቀልጣል። ለታላቅ ሰው ስጦታ ይላካል። ከዚያ ወዲያ ቅጠሉ እየታጨደ እንደገና ሲያድግ እየወፈረ፣ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ብርዱ ሲወጣ የሚታጨደውን ቶኩጂ ኖሪ ብሎም አይጠራውም። ሱሚኤ ስትወድቅ መረቦቹን ለጎረቤቱ አስረክቦ ጀልባውን አሰረ። ስለዚህ ይህ ጣሳ ምናልባት በዕድሜው የመጨረሻው የመጀመሪያ አጨዳ ነው። ለሚስቱ ከዚህ ያነሰ አይሰጥም።

የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ታች አድርጎ አነጠፈ። ሩዙን ደለደለ። እንቁላሉን፣ ጨው የገባበትን ሳልመን፣ እንደገና ሩዝ። አንዱን ማዕዘን አጠፈ። ሁለተኛውን አጠፈ። ሦስተኛውን ሲያጥፍ ቅጠሉ ከሩዙ እንፋሎት የተነሳ ላብ እንደጠጣ ወረቀት ተበጠሰ። አምስተኛው ሄደ። ስድስተኛው አራቱም ማዕዘን ታጠፈለት፤ ትንፋሹን ይዞ ቢላዋውን አሳረፈ። ሩዙ ቢላዋው ላይ ተጣበቀ። ሲጎትተው እንቁላሉ በአንድ በኩል፣ ዓሣው በሌላ በኩል ወጣ።

ያን ቀን ሱሚኤ ምሳ አልበላችም። ቶኩጂ የፈረሰውን ቆሞ በላ።

አርብ ዕለት ጎረቤቱ ሃማሳኪ የመጋዘን ቁልፍ ሊመልስ መጣ። በሩን ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ነው። ከእግሩ ጫማውን አውልቆ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ሩዝ፤ ቢላዋው ላይ ሩዝ፤ የቶኩጂ ክርን ላይ ሩዝ።

«ምን እየሠራህ ነው፣ ግድግዳ እየለሰንክ?»

«ቁልፉን አስቀምጥና ውጣ።»

«ሽርጡስ አምሮብሃል። ሱሚኤ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ምራት አገኘሽ እኮ!»

ከማዶ ክፍል አንድ ድምፅ ተሰማ። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየም። የቶኩጂ ጆሮ ቀላ።

ሃማሳኪ ከፈረሰው አንድ ቁራሽ አንስቶ አኘከ። «ጣዕሙስ ግሩም ነው። በማንኪያ ከሆነ።»

«ማንኪያ አትፈልግም። ማንኪያ ብትፈልግ ይሄ ሁሉ ምን አመጣው?»

«ታዲያ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ አትገዛላትም? ተጠቅልሎ፣ ተቆርጦ፣ ተዘጋጅቶ ይሸጣል።»

«የእኔ ሚስት የሱቅ ኖሪ ትብላ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

ሃማሳኪ እጁን አነሳ። ነገሩ ልክ ስለሆነ አልተከራከረም። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት ዓይኑን አጥብቦ አነበበ።

«አሥር ደቂቃ በላስቲክ ይቆይ ይላል እኮ።»

«ማንበብ እችላለሁ።»

«ታዲያ አቆየኸው?»

«ትኩስ ሩዝ ላይ ጠቅልለህ በላስቲክ አፍነህ ብታስቀምጠው ምን ይሆናል? አንተው ንገረኝ።»

ሃማሳኪ አሰበ። እሱም አርባ ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚዋጉት ከእርጥበት ጋር ነው። ማድረቂያው፣ ጣሳው፣ ጣሳው ውስጥ የሚገባው እርጥበት መጣጭ ከረጢት፣ ሁሉም ለዚያ ነው። ጥሩ ኖሪ ሲነከስ ጥርስ ሥር ይሰበራል፤ የረገበ ኖሪ ለእንግዳ ማቅረብ በዚያ መንደር ነውር ነው።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለ በመጨረሻ። «ይረግባል። የመጀመሪያውን አጨዳ ማርገብ ኃጢአት ነው።»

«ልጄ ከተማ ከገባች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ኖሪ ምን እንደሆነ ረስታለች።»

«ሁለት ቅጠል ደርብበት እንጂ።»

ሁለት ደረቡ። ሩዙን ጨርሶ እስኪበርድ ጠበቁት፤ እንዳያረጥበው። አሁን ቅጠሉ አልተበጠሰም፤ ተሰነጠቀ። ደረቅ ስለሆነ ሲታጠፍ በማዕዘኑ ላይ እንደ ቀጭን እንጨት ቀጭ አለ። የበረደው ሩዝም አልይዝ አለ። ሃማሳኪ ሦስተኛውን ሲሞክር በክርኑ የእንቁላሉን ሳህን መሬት ጣለው።

«አሁን ውጣ» አለ ቶኩጂ።

«ልረዳህ እኮ ነው።»

«ረድተኸኛል። ውጣ።»

ቅዳሜ ቶኩጂ ሌላ ዘዴ አሰበ። ሩዙን ቀነሰ። ቢላዋውን ተወና ሳይቆርጥ ሙሉውን አቀረበላት። ከስድስቱ አንዱ ደህና ወጣለት፤ ሥሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነበረችበት። በሳህን አድርጎ ሱሚኤ ፊት አስቀመጠ። ራሱ መሬት ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

ሱሚኤ አየችው። ግራ እጇን ዘረጋች። አነሳችው።

ቶኩጂ ሳይታወቀው አፉን ከፈተ።

ከደረቷ ከፍታ ሲደርስ ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ሆነች። መጀመሪያ ዓሣው ወረደ። ከዚያ ሩዙ ተከትሎ ጭኗ ላይ፣ በማይሠራው እጇ ላይ ተዘረገፈ። ባዶው ቅጠል በጣቶቿ መሃል ቀረ። ሱሚኤ የወደቀውን አየች። ሳህኑን ገፋችው።

ቶኩጂ ከመሬት ተነሳ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ላድርግሽ? ንገሪኝ ምን ላድርግ? ከዓመቱ ምርጡን ነው የሰጠሁሽ! ቶኪዮ ያሉ ሰዎች ለዚህ ቅጠል ይሰለፋሉ! ነገ ትመጣለች፤ ይዛሽ ትሄዳለች፤ ገባሽ? አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ! እሱን ነው የምትፈልጊው?»

ጩኸቱ ለራሱም ጆሮ አስቀያሚ ሆኖ ተሰማው። ተንበርክኮ ሩዙን ከቀሚሷ ላይ ፍሬ በፍሬ መልቀም ጀመረ።

ሱሚኤ እጇን አነሳች። የምትመታው መሰለው። አልመታችውም፤ ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆመች።

«ታች» አለች።

ተነሳና የታችኛውን ቁም ሣጥን ከፈተ። ድስት አወጣ። ራሷን ነቀነቀች። ወንፊት አወጣ። ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ሠራ፤ ቃሉ አልመጣ አለ። ቶኩጂም ሳይታገሥ መጥበሻ፣ ሙቀጫ፣ የአሮጌ ጠርሙስ መዓት ወለሉ ላይ ደረደረ። «ይሄ ነው? ይሄ ነው? ታዲያ ምኑ ነው?»

«ጣሳ» አለች።

ከጠርሙሶቹ ኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ጫፉ የዛገ የብስኩት ጣሳ ነበር። ከፈተው። ኖሪ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ማየት አላስፈለገውም። ያለፈው ዓመት የመጨረሻ አጨዳ፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ።

«ይሄን ጣይው አላልኩሽም? በየዓመቱ ጣይው አላልኩሽም?»

ሱሚኤ ጠበቀችው። ቁጣው እስኪያልፍ መጠበቅ ታውቅበታለች።

«ጀልባ» አለች። ቆየችና፣ «ምሳህ።»

ቶኩጂ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ።

ጀልባው ላይ ሃምሳ ዓመት የበላው ምሳ ትዝ አለው። ገና ሳይነጋ ትሠራው ነበር። የካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንዲገባለት ጠፍጣፋ ታደርገዋለች። እኩለ ቀን ላይ ሲያወጣው ቅጠሉ ረግቦ፣ ከሩዙ ጋር ተጣብቆ፣ አንድ ሆኖ ያገኘዋል። በየጊዜው ያማርራል። «ኖሪዬን የረጠበ ካልሲ አደረግሽው» ይላት ነበር። ታዲያ አንድ ቀንስ ተበጥሶበት ያውቃል? ባሕሩ ሲናወጥ፣ ቀኝ እጁ መሪው ላይ ሆኖ፣ በግራ እጁ ይዞ ሲበላ፣ አንዲት ፍሬ ሩዝ ወድቃበት ታውቃለች? አታውቅም። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ እጅ ሲበላ ኖሯል። በየትኛው ኖሪ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀም፤ እሱ፣ በጨለማ በጣቱ የሚለየው ሰውዬ።

መላልሶ ቢያስብ ደግሞ ይበልጥ ተናደደ። በእሷ ይሁን በራሱ አልለየውም።

«ሐሙስ ዕለት ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አለ።

ሱሚኤ ዓይኗን ከደነች። የቀኑ ቃሏ አልቆ ነበር።

ሩዙም አልቆ ነበር። ሌላ እስኪበስል ሱሚኤ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በነገታው ጥዋት እሞክራለሁ ብሎ አሰበ። በነገታው ግን ለምሳ እመጣለሁ ያለችው ቺዙሩ ከጥዋቱ አራት ሰዓት ላይ ባዶ ሻንጣ እየጎተተች ከተፍ አለች።

«ምሳ ሰዓት አላልሽም?»

«ባቡሩን ቀድሜ ያዝኩ። ለምን፣ ገና አላዘጋጀሁም ልትለኝ ነው?»

ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቆመችው። ከቦርሳዋ ደግሞ ለጥርስ አልባ ሰው የሚሆን የላመ ምግብ በየእሽጉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ምናልባት ካልሆነ ብዬ ነው» አለች። ቶኩጂ እሽጎቹን በክርኑ ገፋ አድርጎ ቦታ ሠራ።

ከዛገው ጣሳ አንድ ቅጠል አወጣ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው? የመጨረሻው አጨዳ አይደል እንዴ? አንተ?»

«ዝም በይ።»

አነጠፈ። ትኩሱን ሩዝ ደለደለ። እንቁላሉን፣ ሳልመኑን፣ ሩዙን። አራቱን ማዕዘን አጠፈ። ሻካራው ቅጠል እንደ አሮጌ ቆዳ ታዘዘለት። በስስ ላስቲክ ጠቀለለው። ወረቀቱ ላይ እንዳለው አስቀመጠው።

ያ አሥር ደቂቃ ከሁሉ ከፋ። ላስቲኩ ከውስጥ ላብ አወጣ። ቶኩጂ ያየዋል። የጠብታዎቹን ቁጥር ያውቃል፤ እያንዳንዷ ቅጠሉን እንዴት እንደምታበላሽ ያውቃል። ሁለት ጊዜ እጁ ሊፈታው ሄደ። ሁለት ጊዜ እጁን መልሶ ሽርጡ ሥር ደበቀው።

«ስድስት ደቂቃ ሆነው» አለች ቺዙሩ።

«አውቃለሁ።»

«ፊትህ ቀልቷል። ደም ግፊትህን ለክተሃል?»

«እናትሽን ነው ልትወስጂ የመጣሽው ወይስ እኔን?»

ሰዓቱ ሞላ። ቢላዋውን ውሃ ውስጥ ነከረ። በአንድ ጊዜ፣ ሳይጎትት፣ ወደ ታች ተጫነው። ለሁለት ተከፈለ። ሆዱ ታየ፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ምንም አልወጣም። ጥቁሩ ቅጠል ረግቦ፣ ተጨማዶ፣ ሩዙ ላይ ተለጥፎ ነበር። በዕድሜው ከዚህ ያነሰ ነገር ለሰው አቅርቦ አያውቅም።

ሳህኑን ሱሚኤ ፊት አስቀመጠ።

ሱሚኤ ግራ እጇን ዘረጋች። አንዱን ግማሽ አነሳች። እጇ ተንቀጠቀጠ። ቺዙሩ ዘንበል ብላ መዳፏን ከሥሩ ልትዘረጋ ስትል ሱሚኤ በክርኗ ገፋቻት። ጠንከር አድርጋ ነው የገፋቻት። ከዚያ ነከሰች።

ቅጠሉ አልተሰበረም፤ ግን ተነከሰ። ሱሚኤ አኘከች፤ ቀስ ብላ፣ በአንድ ጎን። ዋጠች። እንደገና ነከሰች። አንዲት ፍሬ ሩዝ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ቀረች፤ በምላሷ አስገባቻት። ጭኗ ላይ ምንም አልወደቀም።

ግማሹ ሲያልቅ ቶኩጂ ሁለተኛው ይተርፍ መስሎት እጁን ሰደደ። ከጥዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሱሚኤ የእጁን ጀርባ መታ አደረገችውና ሁለተኛውን አነሳች።

ቺዙሩ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ቶኩጂ አልጠየቀም።

ሱሚኤ የመጨረሻውን ጉርሻ ዋጠች። ባሏን አየች። ከንፈሯ ሠራ፤ ቃሉን ፈለገች፤ ሁለቱም ጠበቋት።

«ጨው» አለች። «የለውም።»

ቶኩጂ የሩዙን ድስት አየ። የጨው ዕቃውን አየ። እንደተከደነ ነበር።

«ሰማሽ?» አለ ለልጁ። «ሰማሽ እናትሽን? አራት ቀን ሙሉ እጄ እስኪላጥ…»

«ሰምቻለሁ» አለች ቺዙሩ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አልጋው ይቅርብኝ እላቸዋለሁ። ግን በወሩ መጥቼ እመዝናታለሁ።»

«ትመዝኛታለሽ? ዓሣ መሰለችሽ?»

«በወሩ፣ አባባ። አንድ ኪሎ ካልጨመረች ይቺው ሻንጣ ናት።»

ከሰዓት በኋላ ሄደች። ሻንጣዋን ግን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ትታ ሄደች፤ ረስታ አይደለም። ቶኩጂ ወደ ሽንት ቤት ባለፈ ቁጥር ሻንጣዋ እግሩን ትመታዋለች።

ወጥ ቤቱ ውስጥ መክተፊያው ላይ ሩዙ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል። በጥፍሩ ፋቀው፤ አልለቅ አለ። ውሃ አፈሰሰበትና ቆሞ ጠበቀ። ነገ ሰኞ ነው። ሰኞም ምሳ አለው፤ ማክሰኞም። የጨው ዕቃውን ከመደርደሪያው አውርዶ፣ እንዳይረሳው፣ የዛገው ጣሳ ክዳን ላይ አስቀመጠው።